ውሃ የበላት የአማላ ጻጻ

ሰኞ

እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ። አሁን የአማላ ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ በሻሽ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ከእሷ በር እስከ እኔ በር እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው የተራመድኩት።

አማላ ጎረቤቴ ናት። የቲቤት ሰው፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል፣ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ብቻዋን የምትኖር። አማላ በእነሱ ቋንቋ እማማ እንደማለት ነው፤ ሕንጻው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራት። በአማርኛ ብናወራ አንቱ ነበር የምላት። በእንግሊዝኛ ግን ሁሉም ዩ ስለሆነ እሷ ማለት ለመደብኝ። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ስብርባሪ ነው፣ ስለዚህ በደንብ እንግባባለን።

ዕቃዋ ጻጻ ትባላለች። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ከአፈር የተሠራች የቡድሃ ምስል ናት። እርጥብ ጭቃ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጭኖ ሲወጣ ፊቱ፣ ረጃጅም ጆሮው፣ የተጣጠፈው እግሩ ጎላ ጎላ ብሎ ይታያል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል እንጂ እሳት አያገኘውም። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ። ይቺን የጨመቀቻት እናቷ ናት፣ እዚያው አገራቸው።

የአማላ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን በጣቷ ነው የምታየው። ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ሥር ትቀመጥና ጻጻዋን በግራ እጇ ከኋላ ደግፋ፣ በቀኝ ጣቶቿ ከአናቱ ጀምራ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ትከሻ፣ መሬት የሚነካው እጅ። እንዲያ እንዲያ እያለች ጭልጥ ትላለች፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ሥራ ከመሄዴ በፊት ሻይ ላደርስላት እየገባሁ አጠገቧ ቁጭ ማለት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። እኔ የምጸልየው ወደ ጌታዬ ነው። ግን ዝም የሚባልበት ሌላ ቦታ የለኝም።

ችግሩ፣ ከመዳሰስ ብዛት እያለቀች ነው። አፍንጫው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

"ከእኔ ቀድማ ልታልቅ ነው" አለችኝ ዛሬ ጠዋት። "አንቺ ጥርስ ትሠሪ የለ? አንድ ቅጂ አውጪልኝ።"

እውነቷን ነው። ሳን ሆዜ ባለ የጥርስ ላብራቶሪ፣ እኛ ላብ በምንለው፣ ውስጥ የሰው አፍ ቅርጽ እየወሰድኩ፣ በሰም እየቀረጽኩ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እያወጣሁ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ቅጂ ማውጣት መቅረጽ አይደለም፣ የሰው ድድ ቅጂ እንደማውጣት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቤተክርስቲያን ለማንም አልናገርም። ምን ይደረግ ብዬ?

የደከመኝ ነገር፦ ባቡሩ። ጉልበቴ። የሎንድሪው ክምር። ሐሙስ የመዘምራን ልምምድ። ልጄ ቤቴል ለእራት ፒዛ ማዘዟ፣ ያውም አናናስ ያለበት።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ሻሹን ፈታሁ። ጀርባዋ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ስለሚል ጠረጴዛው ላይ አልረጋ አለችኝ። ትንሽ ፑቲ፣ ያ ሲደርቅ ጎማ የሚሆነውን ሊጥ፣ ጠፍጥፌ እላዩ ላይ ጫን አድርጌ አስቀመጥኳት። ቁመቷን ለካሁ። ከዚያ አላቅቄ ሁልጊዜ እንደማደርገው ውሃ ውስጥ ነከርኳት።

ሁልጊዜ እንደማደርገው! የጄሶ ቅርጽ ቅጂ ከመወሰዱ በፊት ውሃ ይጠጣል፤ አለዚያ አረፋ ይይዛል። እጄ ነው የሠራው፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ጠንካራ ስለሆነች ጄሶ መሰለችው መሰለኝ። እሳት ያላየች አፈር መሆኗ ተነግሮኝ፣ ትናንት እዚሁ በእጄ ጽፌው! ሱፐርቫይዘሬ ለአስቸኳይ ሥራ ጠራችኝ፤ ሄጄ ስመለስ ሳህኑ ውስጥ ያለው ጭቃ ነው። አንዲት ጉልበት የምትመስል ነገር ቀርታ ነበር። ስነካት እሷም ፈረሰች።

ሳህኑን ይዤ ማጠቢያው ድረስ ሄጄ ነበር፣ መድፋት ግን አልሆነልኝም። ጭቃውን ከነውሃው የእርጎ ዕቃ ውስጥ ገለበጥኩት። የሥራ ጠረጴዛዬ መብራት እየተወዛወዘ ዓይኔ ውስጥ ሲገባብኝ በሱም ተናደድኩ። ክዳኑን በፕላስተር አሸግኩና ይዤው ወጣሁ። ባቡሩ ፍሪሞንት ሲደርስ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። መልኬ ምን ይመስል እንደነበር ከዚያ ይታወቃል።

በአማላ በር በኩል ላለማለፍ በኋላ ደረጃ ወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ።

ረቡዕ

ለቤቴል የሆነውን ነገርኳትና ዛሬ ሻይውን በእሷ ላክሁት። አሞኛል በይልኝ አልኳት።

"ማም፣ ዳትስ ላይንግ" አለችኝ ጫማዋን እያሰረች፣ ይሄ ውሸት ነው ማለቷ ነው። አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፤ መልሱ ግን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። ደርሳ መጣችና "ሺ አስክድ ፎር ኢት። ዩ ጋታ ቴል ሀር" አለች። አማላ ጻጻዬስ ብላ ጠይቃታለች፣ ልትነግሪያት ይገባል ማለቷ ነው። ፎቶስ አላነሳሻትም ወይ አለችኝ ቤቴል። አላነሳኋትም። ሰው የምሳውን ሳህን ፎቶ በሚያነሳበት ዘመን እኔ አላነሳኋትም!

ቀኑን ሙሉ የሰው መንጋጋ ሠራሁ። ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ማታ ከሥራ እንደመጣሁ ካፖርቴን ሳላወልቅ አንኳኳሁ። ይዘገያል ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልዋሽ ተዘጋጅቼ ነበር። በሩን ከፍታ መዳፏን ዘርግታ ስትጠብቀኝ አፌ ተሳሰረ።

"አማላ፣ አበላሸኋት። ውሃ ውስጥ ከተትኳት።"

"ሁሉም ሄደ?"

"ሁሉም።"

"ጭቃውስ?" አለች። አለ አልኳት። "አልደፋሽውም?" አልደፋሁም። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ቁጭ አለች። የእርጎውን ዕቃ አቀበልኳት፤ ጣቷን ነክራ አሸት አሸት አደረገችው። ያኔ ነው የነገረችኝ፤ አባቷ ሲሞት እናቷ ሬሳው ተቃጥሎ የቀረውን አመድ ከአፈሩ ጋር ለውሳ ነው ያቺን ጻጻ የጨመቀቻት። የእነሱ ወግ ነው። የአባቷ አመድ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ማጠቢያው ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር!

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። "ነገ ጠዋት ምን ይዤ ልቀመጥ?" ብቻ አለች፣ ለራሷ ይመስላል። አንጀቴን በላችው።

ሱቅ ቅርጽ ማውጫው አይገኝም ወይ አልኳት። ይገኛል፣ ጣቴ የሚያውቀው ግን ያንን ፊት ነው አለች። "አፈሩ ካለ እንደገና ይጨመቃል። ፊቱን አንቺ ቅረጪልኝ። እኔ በጣቴ አውቀዋለሁ፣ እየነካሁ እነግርሻለሁ።"

ቅረጪልኝ። ይኸው፣ የሸሸሁት ቃል ራሱ መጣ።

ሐሙስ

ጠዋት ገባሁ። መስኮቷ ሥር ተቀምጣለች። ግራ እጇን ባዶውን ዘርግታ፣ ቀኝ ጣቶቿን አየር ላይ ከላይ ወደ ታች ታወርዳለች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ይጠፋባትና እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ደግሞ ይጠፋባታል። መጨረሻ ላይ እጇን ጭኗ ላይ ጣለችው። ሻይዋንም አልነካችውም። ሌሊቱን ጥሩ እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል።

ከልምምድ በኋላ እትዬ አስቴርን አማከርኳቸው። የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው፣ መዘምራኑንም የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ሲቆጡ ይቆጣሉ እንጂ ሰው ሲታመም ሾርባ ይዘው ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው።

"ምነው መሲ፣ ፊትሽ ጠቁሯል?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ።

"አንቺ ልጅ! በገዛ እጅሽ ጣዖት ልትቀርጪ ነው?"

"ለማምለክ አይደለም እኮ እትዬ። ዓይነ ስውር ሴት ናት። ያጠፋሁባት ደግሞ እኔ ነኝ።"

"መካስ ሌላ፣ መቅረጽ ሌላ። የተቀረጸ ምስል የሚለው ምን ማለት ይመስልሻል? ሌላ ነገር ግዢላት። መጸለይስ አትችዪም?"

ይህን ሁሉ የሚናገሩኝ በእኔ እጅ በተቀረጸ ጥርስ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ መሐል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሳቄን ስውጥ ግን እንባዬ መጣ። እሳቸውም አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስለጠላሁሽ አይደለም፣ መሲዬ። የምትሠሪው ከሆነ ለጊዜው ከመዘምራን ዕረፊ። ሰው እንዳይሰናከል።"

እሺ አልኳቸው። ዕረፊ የሚል ቃል ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። እዚያ መድረክ ላይ ስቆም ብቻ ነው ቀና የምለው።

አርብ

ዛሬ ለመጻፍም አቅም የለኝም። ወገቤ ተቆርጧል።

ጸለይኩ። የሰማሁት ነገር የለም። ጸልዬ ስጨርስ ያው የአማላ ባዶ መዳፍ ነው የሚታየኝ። ይሄ መልስ ይሁን ድካም አላውቅም።

ጭቃውን የጄሶ ሰሌዳ ላይ አፈሰስኩት። ጄሶ ውሃ ይመጥጣል፣ ሊጥ ሆኖ ይጠብቀኛል። አንዲት ጠብታ እንዳትቀር የእርጎውን ዕቃ በጣቴ ጠረግኩት። የሰው አባት ነው።

ሰምና ቢላዬን ከላብ ይዤ መጥቻለሁ። እንግዲህ ወሰንኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ የአማላ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበርን። ሰሙን አለስልሼ ጠፍጥፌ መቅረጽ ጀመርኩ፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ በየመሐሉ ጣቷን ትሰዳለች።

"ጆሮው ይውረድ። አሁንም ይውረድ። ትከሻው ሊነካ ነው።"

"አገጩ ይወፍር።"

"እጁ ተሳስቷል! መሬት የሚነካው ቀኙ ነው።"

ልክ ናት። የጥርስ ቅርጽ ሁሌ በግልባጭ ስለምሠራ ቀኙን ግራ አድርጌዋለሁ። ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ሁለቱን ጉንጭ እኩል አደረግኩ፣ አመሌ ነው፣ ጥርስ ካልተስተካከለ ያመኛል። ዳሰሰችውና ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። "ይሄ ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። የእኔው በግራ በኩል ትንሽ ያበጠ ነበር" አለች። አሳበጥኩት። ቤቴል ከክላስ ስትመለስ አንገቷን ብቅ አድርጋ "ዋው፣ ማም፣ ሂ ሉክስ ስሊፒ" ብላ ሄደች፣ እንቅልፉ መጥቷል ማለቷ ነው። ማን የማይተኛ አለ፣ ከእኔ በቀር።

ስለ ሁለተኛው ትእዛዝ አሰብኩ ወይ? አሰብኩ። አፍንጫውን ስሠራ በተለይ። እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ።

ከሰሙ ላይ በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫውን ወሰድኩ። ሊጥ የሆነውን ጭቃ አሽቼ ጫንኩት፣ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ወጣ! አፍንጫ ያለው፣ ጆሮው የወረደ፣ ቀኝ እጁ መሬት የነካ። እሰይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

አማላ እርጥቡን ተቀበለችኝ። ጣቶቿ ከአናቱ ወረዱ፣ አልተሳሳቱም፣ ጭኑ ድረስ ደረሱ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ግራ እጇን ከኋላ አዞረች። አውራ ጣቷ ጀርባውን አንዴ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት።

"እናቴ የለችም" አለች።

አልገባኝም ነበር። ለካ ያ ጎድጎድ ያለው ቦታ የእናቷ አውራ ጣት ነው። ጭቃውን ቅርጹ ውስጥ ስትጫነው የቀረ። አማላ ዕድሜዋን ሙሉ የራሷን አውራ ጣት እዚያ ውስጥ ከትታ ነው ስትቀመጥ የኖረችው። ፊቱ ለጣቶቿ መንገድ ነው፤ የምታርፈው ግን እዚያ ነው። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፣ ማንስ ይጠይቃታል?

"አንቺ አላጠፋሽም" አለችኝ። "እኔም አሁን ነው የማውቀው።" ጻጻውን መልሳ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ሳለሁ ነው ትዝ ያለኝ። ፑቲው! ማክሰኞ ጀርባዋን ጫን ያደረግኩበት! እዚያ ላይ ጣቱ ወጥቶ መሆን አለበት። የት ጣልኩት? የቆሻሻው በርሜል ውስጥ? ላቡ እስከ ሰኞ ዝግ ነው፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይመጣሉ።

ለአማላ አልነገርኳትም። ሁለት ጊዜ ልገድላት አልፈልግም።

እሑድ

ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሲዘምሩ የእኔ ድምፅ የጎደለበት ቦታ ይሰማኛል፤ ሌላ ሰው ይሰማው አይሰማው እንጃ። እትዬ አስቴር ከሩቅ እጅ ነሱኝ። ቅር ያላቸው ይመስላል፣ ግን በማን ላይ?

ስለ ጽድቅ ሲሰበክ እኔ የማስበው ስለ ቆሻሻ በርሜል ነው። ጌታ ሆይ፣ ያቺን ፑቲ ጠብቃት ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ሰኞ

በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ። በርሜሉ ባዶ ነው። አዲስ ፌስታል አልብሰውታል፣ አብረቅርቋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ደረቴን አስደግፌ ቀረሁ። አልቅሻለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ፣ ይሄ የራሴ ማስታወሻ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ገብታ ኮፍያዋን ሳታወልቅ ምን ሆንሽ አለችኝ። ራስ ምታት አልኳት። ልጀምር ብዬ መብራቴን አበራሁ፣ ወደ እኔ ሳብኩት። መብራቴ አልተወዛወዘም።

ያ መብራት እዚያ ላብ ከገባሁ ጀምሮ ሲወዛወዝ የኖረ ነው። አነሳሁት። አጭሩ እግሩ ሥር ፑቲዋ አለች። ማክሰኞ ጭቃውን ስገለብጥ፣ ያ መብራት ሲያናድደኝ፣ እጄ ያገኘውን አንስቶ ደግፎበታል። አሁንም እጄ ነው የሠራው፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ወይ እጅ!

አገላበጥኳት። ጎማ ሆና ደርቃለች፣ የመብራቱ እግርም አልጎዳትም። መሐሏ ላይ አንድ አውራ ጣት ወጥቶ ቆሟል። ትንሽ፣ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ፣ ቀጫጭን መስመሮች እንኳ ያሉት። ቀኑን ሙሉ በጉያዬ ይዣት ዋልኩ።

ማታ አማላ ጋ ስደርስ ጻጻውን አፍርሼ ጭቃውን እንደገና አለስልሼው ነበር። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አዘጋጀሁ። ከታች ቅርጽ ማውጫው፣ መሐል ጭቃው፣ ከላይ ፑቲዋ ስትጫን ጎድጓዳው ይመለሳል። ይህን እያስረዳኋት ፑቲዋን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

መስማቷን አቆመች። ጣቷ ያቺን ጉብታ አገኘ። ዙሪያዋን ዳሰሰ፣ ጫፏ ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ የምታውቀው እናቷ የነበረችበትን ጉድጓድ ነው፤ ይሄ ጣቱ ራሱ ነው። ቀስ ብላ በሙሉ እጇ ጨበጠችው፣ ሕፃን የእናቱን ጣት እንደሚጨብጥ።

"አማላ፣ ልጫነው? ጭቃው ይደርቅብናል" አልኳት።

"ትንሽ ቆዪ" አለች።

ጭቃውን እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ቁጭ አልኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ጫንነው። እኔ ፑቲዋን አስቀመጥኩ፣ እሷ በላዩ ላይ ክብደቷን ጣለችበት። ሲወጣ አውራ ጣቷ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ልክክ አለ። መድረቅ አለባት፣ አትንኪያት ብላት ማን ይሰማኛል፤ እርጥቡን ይዛ መስኮቷ ሥር ተቀመጠች። ፊቱ ላይ ከወዲሁ የጣቷ ምልክት አለበት። ጣቶቿ ወረዱ፣ ጭኑ ላይ ደረሱ፣ ቆሙ። ትንፋሿ ረዘመ።

እኔ ልጸልይ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስነቃ ባቡሬ ሄዷል፣ ሻይው ቀዝቅዟል፣ የአማላ ብርድ ልብስ እላዬ ላይ ነው። ለሱፐርቫይዘሬ እዘገያለሁ ብዬ ቴክስት አደረግኩ። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲህ መተኛቴ ነው!

እትዬ አስቴር ሚስድ ኮል ትተውልኛል። ስለ መዘምራኑ ይሁን የታች ጥርሳቸው ላልቶ ይሁን አላውቅም። ነገ ኮል አደርግላቸዋለሁ። ስለ ትእዛዙ ቢጠይቁኝ የሠራሁትን እነግራቸዋለሁ።

ፑቲዋ የላብ ዕቃ ስለሆነች ልወስዳት ጠረጴዛው ላይ ፈለግኳት፣ የለችም። ወጥቼ በሩን ስዘጋ ዞር ብዬ አየሁ። አማላ ጻጻዋን መስኮቱ ላይ ለፀሐይ አስቀምጣታለች። አንድ እጇ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጭብጥ እንዳለ።